አስቸኳይ፦ ቅዳሜ የፈረስ ዝላይ ውድድር አለን፣ ፈረሶቹ ሁለተኛው አጣና ላይ እየቆሙብን ነው (ኮምቦልቻ)

አዘጋጁ ከኮምቦልቻ (ረቡዕ ማታ 2፡10)

ሰላም ለሁላችሁ። ቸኩያለሁ፣ አጻጻፌን እለፉልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ቦርከና ዳር ባለው ሜዳ ላይ የፈረስ ዝላይ ውድድር አለን። 11 ፈረስ ተመዝግቧል። ዛሬ ከሰዓት ሙሉውን ልምምድ አደረግን። ሁለት አጣና ተከታትሎ የተተከለበት ቦታ አለ። የመጀመሪያውን ይዘላሉ፣ ሁለተኛው ጋ ሲደርሱ ቀጥ! ከስድስት ፈረስ አምስቱ ቆሙ። ስድስተኛዋ ቦራ ልዝለል ብላ አጣናውን በጉልበቷ መታችው። አጣናው ግን ንቅንቅ አላለም። ልጁ በአንገቷ በኩል ተንሸራቶ ወደቀ። ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። የቦራዋ ጉልበት ተልጧል።

በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 7 ሜትር ከ50 ነው። ከውጭ አገር ቪዲዮ ላይ ነው ያየሁት። ማስታወቂያው ተለጥፏል፣ መሰረዝ አልችልም። አለንጋ እንጨምር ወይስ ሌላ መላ አለ? እባካችሁ ዛሬ መልሱልኝ።

ጦሳ ሥር

አጣናውን ዝቅ አድርገው።

የፒያሳ ልጅ

አብሽር ወንድሜ። ቦራዋን በሸንኮራ ሸንግላት። የአጎቴ በቅሎ ለሸንኮራ ብላ ወንዝ ትሻገራለች።

ጋሽ ባልደራስ

ልጄ፣ ፈረስ መውደድህ ደስ ብሎኛል። ግን ከውጭ አገር ቪዲዮ ምን አስኬደህ? ወሎ እኮ የፈረሰኛ አገር ነው። ንጉሥ ሚካኤል በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ ይባላሉ። ዓድዋ ላይ የወሎን ፈረሰኛ ይዘው ነው የዘመቱት። ያኔ መኳንንቱ ሁሉ በፈረሱ ስም ነበር የሚጠራው። ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ። እንጅባራን እይ፣ የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ያን የመሰለ በዓል ያደርጋሉ። አንተም ጉግስና ሽምጥ ግልቢያ አድርግ። የእኛ ፈረስ የሚያውቀው እሱን ነው። አጣና መዝለል ምን ያደርግለታል?

ደግሞ ቦታው። ፈረስ የደጋ ከብት ነው። ቦሩ ሜዳ ተንጣሎ ተኝቶ ሳለ ኮምቦልቻ መውረድ ለምን አስፈለገ?

አዘጋጁ ከኮምቦልቻ

ጋሼ፣ አክብሬ ሰምቻለሁ። ጉግስ በጋሻና በዘንግ የሚጫወቱት ነው፣ እነዚህ ልጆች ደግሞ 15 እና 16 ዓመታቸው ነው። ዝላዩ አንድ በአንድ ስለሆነ ይሻላል ብዬ ነው። ቦሩ ሜዳን እኔም እወደዋለሁ። ሜዳውን የፈቀዱልን ግን እዚህ ነው።

አሁን የቸገረኝ ሁለተኛው አጣና ነው። እባካችሁ እሱን።

የድሮ ፈረስ ጠባቂ

ወንድሜ፣ አዲስ አበባ ግልቢያ የሚሰለጠንበት ግቢ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ዋናውን ነገር አልነገርከንም። ፈረሶቹ ከመሬት እስከ ትከሻ ስንት ናቸው? አጣናው ከመሬት ስንት ነው? ወደ መጀመሪያው በሶምሶማ ነው የምትመጡት በግልቢያ? ለምን ያህል ጊዜ ተለማመዱ?

አለንጋውን ግን አሁኑኑ አስቀምጠው። ፈረሱ የሚቆመው አልችልም ብሎ ነው።

አዘጋጁ ከኮምቦልቻ

ከ1.28 እስከ 1.35 ሜትር ናቸው። አብዛኞቹ የቦሩ ሜዳና የኩታበር ናቸው፣ ሦስቱ የጋሪ። አጣናው 80 ሳንቲ። በግልቢያ ነው የሚመጡት። ልምምድ ከጀመርን ሦስት ሳምንት ሆነን፣ ግን እስከ ትናንት አንድ አጣና ብቻ ነበር።

ጦሳ ሥር

80 ብዙ ነው። ዝቅ አድርገው አልኩህ እኮ።

የድሮ ፈረስ ጠባቂ

ጦሳ ሥር ልክ ነው፣ 60 አድርገው። ዋናው በሽታ ግን ርቀቱ ነው። ረጋ ብለህ አንብበኝ።

ቪዲዮ ላይ ያየኸው ትልቅ ፈረስ ነው። የእሱ አንድ የግልቢያ እርምጃ 3 ሜትር ከ65 ገደማ ነው። አጣናውን ዘሎ 1.80 ያህል ርቆ ያርፋል። አንድ እርምጃ ይጋልባል። ከዚያ ለሁለተኛው 1.80 ሲቀረው ይነሳል። ደምረው፣ 7 ሜትር ከሩብ ይሆናል። ስለዚህ 7.50 ለእሱ ትንሽ ሰፋ ቢልም ይወጣዋል።

የእኛ ፈረስ እርምጃ 3 ሜትር ገደማ ነው። ዝቅ ያለ አጣና ዘሎ 1.60 ላይ ቢያርፍ፣ አንዱን እርምጃ ሲጨርስ 4.60 ላይ ነው። ለሁለተኛው አጣና ገና 2.90 ይቀረዋል። ከዚያ ልዝለል ቢል ሩቅ ነው። ሌላ እርምጃ ልጨምር ቢል አጣናው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ይቆማል። ይህ ፈሪ ፈረስ አይደለም። ሒሳቡን ከአንተ በፊት የሠራ ነው።

ነገ በጠዋት እንዲህ አድርግ። አፈሩን ለስላሳ ቦታ ላይ አንዱን ፈረስ በተለመደው ግልቢያ አስኪድ። ከዚያ አንድ ኮቴ ያረፈበትን ምልክት ፈልግና ያው ኮቴ እንደገና እስካረፈበት በሜትር ለካ። ሦስት ፈረስ ለካ። 3 ሜትር አካባቢ ከሆነ ርቀቱን 6 ሜትር ከ30 አድርገው። የሚለካው ከመጀመሪያው አጣና ጀርባ እስከ ሁለተኛው ፊት ነው። መጀመሪያ ሁለተኛውን መሬት ላይ አጋድመው። ያንን ሲለምዱ 30 ሳንቲ፣ ቀጥሎ 60። ባለፈው የፈራ ፈረስ አንድ ቀን ሙሉ ሊፈልግ ይችላል፣ አትቆጣው።

ሌላም አለ። ከእያንዳንዱ መሰናክል ፊት 20 ሳንቲ ወጣ አድርገህ መሬት ላይ አንድ አጣና አስተኛ። ፈረስ ከየት እንደሚነሳ የሚለካው በእሱ ነው። ባዶ አየር ላይ የተንጠለጠለ አንድ አጣና ለፈረስ ዓይን አይጨበጥም።

ብየዳ ቤት ኮምቦልቻ

እኔን ያሳሰበኝ ያ ያልወደቀው አጣና ነው። አጣናው የሚቀመጥበት ማሳረፊያ ምን ዓይነት ነው? ፎቶ ልትልክ ትችላለህ?

አዘጋጁ ከኮምቦልቻ

ቱቦላሬ ቋሚ ላይ ግማሽ ክብ ብረት አስበይደን ነው። እንዳይንከባለል ብለን ጠለቅ አደረግነው። አጣናው ግማሽ ድረስ ይገባል። ነፋስ ሲጥለው ስላየን በሽቦ አሰርነው።

ብየዳ ቤት ኮምቦልቻ

ወላሂ ሽቦውን ዛሬ ማታ ሄደህ ፍታው! አጣና መውደቅ አለበት። ካልወደቀ የሚወድቀው ፈረሱና ልጁ ነው።

ማሳረፊያው 2 ሳንቲ ቢጠልቅ ይበቃል። ዓለም አቀፉ ውድድር ላይም ልኩ ይኸው ነው። ሜዳ ላይ መቁረጥ አያስፈልግህም። ግማሽ ክቡን ቆርጠህ ጣለውና ቀጥ ያለ ላሜራ በትንሹ ጎበጥ አድርገህ በይድበት። ጠርዙን በሞረድ አለስልሰው። አጣናውን በአንድ እጅ ገፋ ስታደርገው መውደቅ አለበት። ልጡን ላጠው፣ ጉጡንም አስተካክል። አጣና ያልተቀመጠበት ማሳረፊያ ካለ ንቀለው፣ ሆድ ይቀዳል። ነገ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይዘህ ና፣ የእጅ ዋጋ አልጠይቅህም።

እመ ነቢል

ሰላም ልጆች። የኔም ልጅ ተመዝግቧል፣ 15 ዓመቱ ነው። ማስታወቂያው ላይ «ውበትም ፍጥነትም ይታያል» ይላል። አልገባኝም። ቀስ ብሎ አምሮ የዘለለ ነው የሚያሸንፈው ወይስ የፈጠነ? ልጁ ሌሊት ሌሊት ይጠይቀኛል። ሄልሜትስ ታዘጋጃላችሁ?

የድሮ ፈረስ ጠባቂ

እመ ነቢል፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁለት የተለያዩ ውድድሮች ናቸው የተቀላቀሉት። ሀንተር የሚባለው ከቀበሮ አደን የመጣ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ በጣም ይወደዳል። እዚያ ሰዓት አይያዝም። ዳኛው ፈረሱ እንዴት እንደዘለለ ያያል። እርምጃው አንድ ዓይነት ነው ወይ? ጉልበቱን አጥፎ አነሳ ወይ? ተረጋግቶ ሄደ ወይ? ጃምፐር የሚባለው ሌላ ነው። እዚያ ውበት አይቆጠርም። አጣና ወደቀ ወይስ አልወደቀም፣ ሰዓቱስ ስንት ነው፣ በቃ።

አዘጋጁ፣ ሁለቱን በአንድ ሽልማት አትቀላቅል፣ ጠብ ይነሳል። ለዘንድሮ ጃምፐሩን ብቻ ያዝ። ዳኛው ዘመድህ ቢሆን እንኳ የወደቀ አጣና ሁሉም ሰው ያየዋል። አንድ አጣና ሲወድቅ 4 ነጥብ ቅጣት። ነክቶት ካልወደቀ ቅጣት የለም። መጀመሪያ እንቢ ሲል 4፣ ሁለተኛ ጊዜ እንቢ ካለ ይወጣል። ልጁ ከወደቀም ያበቃል፣ ተመልሶ አይወጣም። ሦስተኛ ዕድል ስጡን የሚል ይመጣል፣ እንዳትሰሙት። እኩል ከወጡ የመሰናክሉን ቁጥር ቀንሳችሁ በሰዓት ደግማችሁ አዘልሉ።

ቀይ ባንዲራ በቀኝ፣ ነጭ በግራ። ልጆቹ በሁለቱ መካከል ያልፋሉ። ከመጀመራቸው በፊት ሁሉም ሜዳውን በእግራቸው ይዙሩት። አደራ፣ ይህን አትዝለሉት።

አዘጋጁ ከኮምቦልቻ

እትዬ፣ የፈረስ ሄልሜት አራት አለን። አንድ በአንድ ስለሚገቡ ይበቃል። አገጭ ሥር ያልታሰረለት ልጅ ወደ ሜዳ አይገባም፣ ቃሌ ነው። ተረከዝ ያለው ጫማ ያድርግ። ሸራ ጫማ እርካብ ውስጥ ያልፋል።

የደሴዋ የእንስሳት ሐኪም

ዘግይቼ ነው ያየሁት። ከርቀቱ ባላነሰ የሚያስጨንቀኝ ማረፊያቸው ነው። ከቦሩ ሜዳና ከኩታበር የሚመጡት መቼ ነው የሚወርዱት? የትስ ነው የሚያድሩት?

አዘጋጁ ከኮምቦልቻ

አርብ ከሰዓት በአይሱዙ። ውሃ እንዲቀርባቸው እዚያው ሜዳው ላይ ያድራሉ ብለን ነበር።

የደሴዋ የእንስሳት ሐኪም

እዚያ አታሳድሯቸው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፣ ወንዙ ዳር ጭቃ አለ። የአፍሪካ ፈረስ በሽታን የምታስተላልፈው በዓይን የማትሞላ ትንኝ ናት። የምትወጣው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። የምትራባውም እንዲህ ባለ ጭቃ ላይ ነው። በሽታው መድኃኒት የለውም፣ ፈረስ በቀናት ውስጥ ይገድላል። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል፣ ግን አርብ ተወግቶ ለቅዳሜ አይደርስም። ያልተከተበ የደጋ ፈረስ እዚያ ሜዳ ላይ ማሳደር ትልቅ ዕዳ ነው።

ከወንዙ ራቅ ያለ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቤት ፈልጉ። ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ይግቡ፣ በርና መስኮት ይዘጋ። ኩበት ማጨሱ አይከፋም፣ ግን የተዘጋ ቤትን አይተካም። ከደሴ የሚያወርደው የሐረጎ መንገድ በጠዋት ጭጋግ ስለሆነ ቅዳሜ ሌሊት አታስወርዷቸው። ከደሴ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፣ ሙቀቱም ለእነሱ አዲስ ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ጨርሱ።

ቦራዋን ነገ መጥቼ አያታለሁ። ጉልበቷ ካበጠ ቅዳሜ አትገባም። ጀርባው የቆሰለ ፈረስም አይገባም፣ ኮርቻው ቢለወጥም። የጋሪዎቹን ጀርባ በተለይ አሳዩኝ።

ጋሽ ባልደራስ

የኔ እመቤት፣ ተባረኪ። አንድ ነገር ልጨምር። ያላበው ፈረስ ውሃ እንዳይሰጠው። አባቶቻችን ይከለክሉ ነበር።

የደሴዋ የእንስሳት ሐኪም

ጋሼ፣ እኔም ከአባቴ የሰማሁት እሱን ነበር። አሁን ግን እንደዚያ አይደለም። ያላበ ፈረስ ውሃ ይፈልጋል፣ ጥቂት ጥቂት እየደጋገሙ መስጠት ነው። ገላውንም ውሃ ያፍስሱበት፣ ቀስ እያለ ይራመድ።

ጋሽ ባልደራስ

እሺ፣ ተቀብያለሁ። አዘጋጁ፣ የእኔ ቤት ከወንዙ ራቅ ያለ ነው። በረቱ ስድስት ፈረስ ይይዛል፣ በር አለው። ጭዱንም እኔ እችላለሁ። ዝላዩን ባልወደውም ፈረስ ሜዳ ላይ አያድርብኝ።

አዘጋጁ ከኮምቦልቻ (ሐሙስ ማታ 1፡40)

አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ሽቦውን ማታውኑ ፈታሁ። ማሳረፊያው ተቀየረ፣ አሁን በጣት ገፋ ስታደርገው ይወድቃል። እርምጃቸውን ለካን። ሁለቱ 2.90፣ አንዱ 3.10 ወጣ። ርቀቱን 6.30 አድርገን ከመሬት ጀመርን። ከሰባት ፈረስ አምስቱ 60 ሳንቲውን አለፉ! አንዱ ጉራቻ ሲዘል ልጆቹ ሁሉ ጮኹ፣ እኔም አብሬ ጮህኩ። ቦራዋን ሐኪሟ አየቻት፣ እብጠት የለም፣ ግን እስከ ነገ ትረፍ ተባለ። የጋሪው ዳማ ግን አሁንም ይቆማል። መጀመሪያውን ዘሎ ሲያርፍ ወደ ግራ ይሸሻል። ለእሱ ምን ላድርግለት?

ጦሳ ሥር

ዝቅ አድርግለት።

የድሮ ፈረስ ጠባቂ

ሁልጊዜ ወደ ግራ ከሆነ ጋሪ ላይ ስንት ዓመት ቆየ? በግራ አፉ ላይ ልጓሙ አቁስሎት እንደሆነ እይ። አፉን ክፈትና ከንፈሩን ጠርዝ ጠርዙን ተመልከት። ቁስል ካለ ቅዳሜን ይለፈው። ቁስል ከሌለ ሁለት አጣና በግራና በቀኝ መሬት ላይ አጋድመህ መንገድ ሥራለት።

እመ ነቢል (እሑድ ጠዋት)

እኛ ለቅሶ ደርሶብን ቅዳሜ ሳንመጣ ቀረን። ልጁ ከትናንት ጀምሮ አላስቀምጠኝ አለ። ማን አሸነፈ? ቦራዋስ ገባች?

የፒያሳ ልጅ (ሰኞ)

እኔም እሱን ልጠይቅ ነበር። አዘጋጁ፣ ዳማውስ አፉ እንዴት ሆነ?