የግል ግቢን ለጎብኚ መክፈት ሀዋሳ ላይ ያስኬዳል?

የሀይቅዳሯ፦
ሰላም የሀዋሳ ልጆች። እናቴ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ግቢውን አትክልት በአትክልት አድርጋዋለች። ፊት ለፊት ጽጌረዳና ቦገንቪላ፣ ጓሮው ደግሞ እንሰት፣ ቡና፣ አቦካዶ። በሩ ክፍት ሆኖ ያየ መንገደኛ ሁሉ «ገብቼ ልይ?» ይላል። አሁን የሰፈራችን እድር አቅም ለሌላቸው አረጋውያን መድኃኒት መግዣ እያሰባሰበ ነው፣ እና አንድ ቅዳሜ በሩን ከፍተን በክፍያ ብናስጎበኝስ ብዬ አሰብኩ። እሷ ግን «ሰው አበባ ለማየት ብር ይከፍላል እንዴ? ይስቁብኛል» ትላለች። ምን ትላላችሁ?

ሻይ በወተት፦
ይከፍላል በያቸው! እንግሊዝ ሀገር ኖሬያለሁ፤ እዚያ ይሄ ነገር በፈረንጆቹ ከ1927 ጀምሮ አለ፣ ናሽናል ጋርደን ስኪም ይባላል። የተጀመረው ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያክሙ ነርሶችን ለመደጎም ነው። በመጀመሪያው ዓመት 609 ግቢ ተከፍቶ፣ መግቢያው በሰው አንድ ሽልንግ ሆኖ፣ ከ8 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ። ዛሬም ገቢው ለነርሶችና ለሕክምና በጎ አድራጎት ነው የሚሄደው። የሀብታም ግቢ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ከተራ ሰው ቤት ጀርባ ያለች ጠባብ ቦታም ትጎበኛለች። ባለቤቶቹ ሻይና ኬክ ይሸጣሉ፣ ችግኝ ይሸጣሉ። እናንተ በቡናና በቆሎ ተኩት። ችግኙን ግን እንዳትረሱ፤ ሰው ጽጌረዳውን አይቶ «አንድ ቅርንጫፍ ቁረጪልኝ» ማለቱ አይቀርም፣ ስለዚህ ቀድማችሁ በላስቲክ ተክላችሁ ጠብቁት። መግቢያው ደግሞ ቁርጥ ያለ ዋጋ ይሁን።

የታቦር ልጅ፦
ሀሳቡ አሪፍ ነው፣ ግን የሙሽራ ነገር ይታሰብበት። አበባ ያለበት ግቢ ተከፈተ ከተባለ ሚዜውም ካሜራ ማኑም ጠቅልሎ ነው የሚመጣው፣ ሙሽሪት ቬሎዋን ጽጌረዳው ላይ ስትጎትት እናትሽ ምን እንደሚሉ አስቢው። «የሠርግ ፎቶ አይቻልም» ብላችሁ በር ላይ ለጥፉ። የቤቱ በር ይቆለፍ፣ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ይታወቅ፣ ከእድሩ አንድ ሰው በር ላይ ይቀመጥ። ለሀይቁ ቅርብ ከሆናችሁ ጦጣም አለ፤ ቡና ቁርሱን ዘርግታችሁ ዞር እንዳትሉ። በዋጋው ግን አልስማማም። አብሮሽ ለቅሶ የሚደርስ ጎረቤትን በር ላይ ትኬት መጠየቅ ይከብዳል። ሳጥን አስቀምጡ፣ ለምን እንደሆነ ካወቀ ሰው አይሰስትም።

ሻይ በወተት፦
ሳጥን ካደረጋችሁ አስር ብር እየጣለ ነው የሚገባው። ብያለሁ።

ጓሮ ወዳድ፦
ሁላችሁም ጽጌረዳ ጽጌረዳ ትላላችሁ፣ እኔ ብመጣ የምመጣው ለጓሮው ነው። እንሰት፣ ቡናና የጥላ ዛፍ አብረው የሚያድጉበት ጓሮ የሲዳማ ገበሬ ሙያ ነው፣ ከከተማው ወጣ ካላችሁ በየቤቱ ታያላችሁ፣ ከተማ ውስጥ ግን ግንቡ እየበላው ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ቆጮ በልቶ ተክሉን ከሙዝ የማይለይ ሞልቷል። እናትሽ አንዱን እንሰት እያሳዩ ያስረዱ፤ ለመድረስ ዓመታት እንደሚፈጅ፣ እንዴት እንደሚፋቅ፣ ጉድጓድ ገብቶ እንዴት እንደሚብላላ፣ ቡላው ከየት እንደሚገኝ። ከቻላችሁ ትንሽ ቡርሳሜ፣ ያው በቅቤ የሚሠራውን የሲዳማ ቆጮ፣ አቅምሱ። ለዚያ እኔ ራሴ ደህና ብር እከፍላለሁ።

የሀይቅዳሯ፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁም። አነበብኩላት። እንግሊዞቹን «ደግ አደረጉ» ብላ አለፈቻቸው፣ ስለ እንሰቱ ስትሰማ ግን «እሱንማ ማን እንደኔ ያስረዳል» አለች፣ ስለዚህ አለቀ፣ ገብታበታለች። ዝናቡ ሲያባራ ጥቅምት ላይ እናድርገው ብለናል፣ ክረምት ላይማ ግቢው ጭቃ ነው። ትኬት ወይስ ሳጥን የሚለውን እድሩ ይቁረጥ። የችግኝ ላስቲክ በርካሽ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።