ልጆቼ የሚውሉበት ሄድ ስታርት ኖቬምበር 1 ሊዘጋ ነው፤ ምን ይሻለኛል?

ጠያቂ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ክላርክስተን፣ ጆርጂያ

ሰላም እንዴት ናችሁ? የ4 ዓመት ወንድ ልጅና የ3 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ሁለቱም ሄድ ስታርት ነው የሚውሉት፤ የፌዴራል መንግሥቱ የሚከፍልለት፣ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ልጆች የተዘጋጀ ነፃ ቅድመ ትምህርት ማለት ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በበጀት ጭቅጭቅ እንደተዘጋ ታውቃላችሁ። ትናንት ከልጄ ቦርሳ ውስጥ ደብዳቤ አገኘሁ። «የፌዴራል ገንዘብ ካልተለቀቀ ከኖቬምበር 1 በኋላ መክፈት አንችልም» ይላል።

እኔ አረጋውያን ቤት የጠዋት ሽፍት ነኝ። ባለቤቴ ሌሊት ነድቶ ቀን ነው የሚተኛው። ወንዱ ልጄ ንግግር ስለዘገየበት ስፒች ቴራፒ እዚያው ይሰጡታል። ገና አሁን ነው አፉን የፈታው። ቁርስና ምሳም እዚያ ነው የሚበሉት። የኖቬምበር ፉድ ስታምፕ (የምግብ መግዣ ድጎማ) አይገባም እየተባለ ደግሞ ጭንቅ ላይ ነኝ። የጓደኛዬ ልጅ የሚውልበት ሌላ ሄድ ስታርት ግን ምንም አልተባለም። የእኛ ብቻ ለምን? ምን ላድርግ?

የሄድ ስታርት አስተማሪ፣ ከሌላ ስቴት

አይዞሽ እህቴ። መጀመሪያ «የእኛ ብቻ ለምን?» ላልሽው። የሄድ ስታርት ገንዘብ በስቴቱ በኩል አይዞርም። ከዋሽንግተን በቀጥታ ማዕከሉን ለሚያስተዳድረው ድርጅት ነው የሚሄደው። የእያንዳንዱ ድርጅት የበጀት ዓመት ደግሞ የተለያየ ወር ላይ ይጀምራል። የእናንተ ኖቬምበር 1 ነው ማለት ነው። የጓደኛሽ ጥር ወይም ሰኔ ላይ የሚጀምር ከሆነ የዓመቱ ገንዘብ እጃቸው ላይ አለ።

ደብዳቤውን አትጣይው። ነገውኑ ቢሮ ሄደሽ «ሲከፈት የልጆቼ ቦታ ይጠበቃል?» ብለሽ ጠይቂ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበዪ። ኢሜይልም ይበቃል። አንድ ልጅ ብቁ ከተባለ ያን ዓመትና ቀጣዩን ዓመት ብቁ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ማዕከሉ ሲከፈት እንደገና የገቢ ወረቀት አምጪ ሊሉሽ አይገባም።

የቀድሞ የወላጆች ምክር ቤት አባል

ሰው ሁሉ «በ2018 መጨረሻ 35 ቀን ተዘግቶ ሄድ ስታርት ምን ሆነ?» ይላል። ያኔ እኮ የጤናና የሰብዓዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ በጀት አስቀድሞ ጸድቆ ነበር። ሄድ ስታርት ያለው እሱ ሥር ስለሆነ አልተነካም። የዘንድሮው የሚመሳሰለው ከ2013ቱ ጋር ነው። ያኔ በ16 ቀን ውስጥ የተዘጉ ማዕከሎች ነበሩ። ሎራና ጆን አርኖልድ የሚባሉ ባልና ሚስት 10 ሚሊዮን ዶላር አውጥተው በስድስት ስቴቶች ያሉ ማዕከሎች እንዲቆዩ አደረጉ።

ይህን የማነሳው የሀብታም እጅ ጠብቁ ለማለት አይደለም። ድልድይ የሚሆን ገንዘብ ከተፈለገ ሊገኝ እንደሚችል ለማሳየት ነው። እያንዳንዱ ሄድ ስታርት የወላጆች ምክር ቤት እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። ከግማሽ በላይ አባላቱም ልጆቻቸው አሁን የሚማሩ ወላጆች መሆን አለባቸው። አስቸኳይ ስብሰባ እንዲጠራ ጠይቁ። እዚያም ዳይሬክተሯን በግልጽ ጠይቋት፦ ከባንክ አጭር ብድር ሞከራችሁ? ካውንቲውን፣ ከተማውን፣ የአካባቢውን ፋውንዴሽን አነጋገራችሁ? ሁሉንም ክፍል ማቆየት ካልተቻለ ጥቂቱን ማቆየት አይቻልም? እኔ እንዳየሁት አስተዳዳሪዎች ወላጅ ከጎናቸው ሲቆም ከካውንቲ ጋር ሲነጋገሩ ጉልበት ያገኛሉ። ዝም ስንል ግን የቸገረን አይመስላቸውም።

እናት ከዲካልብ ካውንቲ

ለትልቁ ልጅሽ ሌላ መንገድ አለ። ጆርጂያ ፕሪ-ኬ የሚባለው የስቴቱ የ4 ዓመት ልጆች ትምህርት የሚከፈለው ከስቴቱ ሎተሪ ነው። ዋሽንግተን ቢዘጋም አይነካውም። ከ1995 ጀምሮ ገቢ ሳይጠየቅ ለ4 ዓመት ልጅ ሁሉ ክፍት ነው፤ እስከ ሴፕቴምበር 1 አራት ዓመት ከሞላው ማለቴ ነው። ነፃ ነው፤ ግን የቀኑ ትምህርት ስድስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ካቆየሽው ያስከፍላሉ። ክፍት ቦታ ያለበትን እየደወልሽ ጠይቂ። ለትንሿ ካፕስ የሚባለውን የስቴቱን የዴይኬር ድጎማ ዛሬውኑ ሙዪ። መልስ ስለሚዘገይ አትጠብቂ።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ወደ ፕሪ-ኬ ካዛወርኩት የሄድ ስታርቱን ቦታ ያጣል? ስፒቹስ? ደግሞ ዜጋ አይደለሁም፤ ኮንግረስ ተወካይ ጋ መደወል እችላለሁ?

የሄድ ስታርት አስተማሪ

ካዛወርሽው ቦታውን ለሌላ ልጅ ሊሰጡበት ይችላሉ። ስለዚህ ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ስሙን አስገቢ እንጂ ከሄድ ስታርት አታስወጪው። ስም ማስገባት ምንም አያስይዝሽም። ቦታ ተገኘ ብለው ሲደውሉልሽ ነው የምትወስኚው። እኔ ብሆን ስፒቹን እዚያው እያገኘና አስተማሪውን ለምዶ ሳለ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ብዬ አላዘዋውረውም። መዘጋቱ ከወር ካለፈ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስፒቹን በተመለከተ አይኢፒ (ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ልጅ የሚዘጋጅ የጽሑፍ የትምህርት እቅድ) አለው አይደል? ልጁ 3 ዓመት ካለፈው አይኢፒው የትምህርት ቤት ዲስትሪክቱ ግዴታ ነው። ማዕከሉ ተዘጋ ተብሎ አይቋረጥም። ዲስትሪክቱ አቅራቢያሽ ወዳለ ትምህርት ቤት አምጪው ሊልሽ ይችላል። የአይኢፒውን ኮፒ ይዘሽ ከመዘጋቱ በፊት ደውዪላቸው። አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለሽ።

ለተወካዩም ደውዪ። ተወካይነቱ በአካባቢው ለሚኖር ሰው ሁሉ ነው፤ ዜግነት አይጠይቁሽም። ዚፕ ኮድሽን ንገሪያቸውና የራስሽን ነገር አጭር አድርገሽ ተናገሪ፦ ሥራዬ ይህ ነው፣ ማዕከሉ በዚህ ቀን ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ሥራ መግባት አልችልም። ከተጻፈ ንግግር ይልቅ ይህ ነው የሚመዘገበው።

ጎረቤት፣ ክላርክስተን

እኔ ቤት ነው የምውለው። ትንሿን ልይዝልሽ እችላለሁ። ሌሎች እናቶችም ጠይቀውኝ ነበር። በእኛ ስቴት በክፍያ ከሦስት ጀምሮ የሌላ ሰው ልጆች መያዝ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከሁለት በላይ አልቀበልም። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ጠያቂ፣ ኖቬምበር 13

ትናንት ማታ በጀቱ ተፈርሞ መንግሥት ተከፈተ። ትንሿ ጎረቤቴ ጋ ናት፤ ተባረኪ። ወንዱም ስፒቹን በዲስትሪክቱ በኩል ጀምሯል። ሰኞ ልጆቹን ልውሰድ?

የሄድ ስታርት አስተማሪ

ሳትደውዪ አትሂጂ። ገንዘቡ ድርጅቱ እጅ እስኪገባ ቀናት ይፈጃል። ሌላም አለ። እኛ የፌዴራል ሠራተኛ አይደለንም። እነሱ ያለፈውን ደመወዝ እንዲያገኙ የ2019 ሕግ አለ፤ ለእኛ የለም። በዚህ መሀል ሌላ ሥራ የያዘች አስተማሪ ካለች ክፍሉ ሁለተኛ ሰው እስኪያገኝ አይከፈትም። የልጆችሽ ክፍል በየትኛው ቀን እንደሚከፈት ለይተሽ ጠይቂ። የተፈረመው በጀትም እስከ ጃንዋሪ 30 ብቻ ነው። የዓመቱ ገንዘብ ሙሉውን ተለቀቀ ወይስ ከፊሉ? ይህን በሚቀጥለው የወላጆች ምክር ቤት ስብሰባ ላይ አንሺው።