ማታ ማታ አማርኛ ለምጽፍ ሰው የትኛው ስዊች ይሻላል? የመጀመሪያ ሜካኒካል ኪቦርዴ ነው

ተርጓሚዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ትርጉም ነው፣ በቀን ስድስት ሰባት ሰዓት አማርኛ እጽፋለሁ። እስካሁን የተጠቀምኩት ተራ የጎማ ኪቦርድ ነው። አሁን የኤን ቁልፍ ሁለቴ ካልመታሁት አይሠራም፣ ጣቶቼም ማታ ላይ ይዝላሉ። ወንድሜ በሚቀጥለው ወር ከዱባይ ስለሚመጣ ሜካኒካል፣ ማለትም እያንዳንዱ ቁልፍ ከሥሩ የራሱ መጫኛ (ስዊች) ያለውን ኪቦርድ ላስመጣ ቆርጫለሁ። ግን የስዊቹ ቀይ፣ ቡናማ፣ ሰማያዊ የሚባለው ነገር ግራ አጋባኝ። እዚህ ነክቼ የምሞክርበት ሱቅ አላገኘሁም፣ አንዴ ከመጣ ደግሞ መመለስ የለም። ሌላው ጉዳይ ቤቴ አንድ ክፍል ናት። የምጽፈው ልጄ ከተኛች በኋላ ነው፣ አልጋዋ ከጠረጴዛዬ ቢርቅ ሁለት ክንድ ነው። ጌም አልጫወትም። በጀቴ 70 ዶላር ነው። የቱን ልበለው?

የሌሊት ኮደር

እህቴ፣ መጀመሪያ ዓይነቱን ለዪ፣ ቀለሙ ይደርሳል። ቀለሞቹ የመጡት ከጀርመኑ ቸሪ ኩባንያ ነው። ቀዩ ሊኒየር ይባላል፤ ስትጫኚው ያለ ምንም እንቅፋት ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ቡናማው ታክታይል ነው፤ መሃል ላይ ትንሽ ጉብታ አለው፣ ፊደሉ እንደተመዘገበ በጣትሽ ታውቂያለሽ። ሰማያዊው ክሊኪ ነው፤ ጉብታም አለው፣ በየምቱም ቀጭ ይላል። በቸሪ ቀዩ 45፣ ቡናማው 55፣ ሰማያዊው 60 ግራም አካባቢ ግፊት ይፈልጋል። ቀዩና ቡናማው 2 ሚሊ ሜትር ላይ ፊደሉን ይመዘግባሉ፣ እስከ ታች ግን 4 ሚሊ ሜትር ይወርዳሉ። ይህቺን ቁጥር ያዢያት፣ ፊደሉ እንዲመዘገብ መሬት ድረስ መጫን የለብሽም ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የቸሪ ስዊች የፈጠራ መብት (ፓተንት) ካበቃ ወዲህ እነ ጌትሮንና ካይል የሚባሉ ኩባንያዎችም ተመሳሳይ ስዊች በብዛት ያመርታሉ፣ ብዙዎቹ ደግሞ የራሳቸው ቀለም አላቸው። የጌትሮን ቢጫ ሊኒየር ነው። የካይል ቦክስ ነጭ ግን ክሊኪ ነው። ስለዚህ ወንድምሽን «ቀይ ግዛ» ከማለት «ሊኒየር፣ 45 ግራም አካባቢ፣ ሳይለንት» በዪው። ሳይለንት የሚባሉት ውስጣቸው ድምፅ የምታፍን ትንሽ ጎማ አለቻቸው። ላንቺ ቤት የሚሆነው እሱ ነው። ሰማያዊውን እርሺው፣ ልጅቷ ትነቃለች።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው አያስብበትም። አማርኛ በድምፅ አጻጻፍ፣ ማለትም ድምፁን በእንግሊዝኛ ፊደል እየመታን ስንጽፍ ምቱ ብዙ ነው። «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው፣ በኪቦርዱ ግን አምስት ምት ነው። «ጠረጴዛ» ላይ ደግሞ ጠም ጴም ሺፍት ይፈልጋሉ። ያ ሁሉ ሺፍት የሚያርፈው በትንሿ ጣት ላይ ነው። እኔ ሳላውቅ ጥቁር የሚባለውን 60 ግራም ሊኒየር ገዝቼ፣ በሁለተኛው ሳምንት ትንሿ ጣቴ እስከ አንጓዋ ድረስ ታመመች። ቀላል ስፕሪንግ ምረጪ።

ቡናማ ይሻላል

በሳይለንት ሊኒየሩ አልስማማም። ከጎማ ኪቦርድ የሚመጣ ሰው ቀይ ላይ መጀመሪያ ይቸገራል። ጣትሽን ቁልፉ ላይ ስታሳርፊ ብቻ ፊደል ይገባል። እንግሊዝኛ ሲሆን አንድ ትርፍ ፊደል ነው፣ በአማርኛ ግን ትርፏ አናባቢ ከሆነች ፊደሉን ራሱን ትቀይረዋለች፤ «ል» ልትዪ «ሉ» ይወጣል። ተርጓሚ ደግሞ ያንን ስትለቅም ነው የምታመሸው። ቡናማው ላይ ጉብታዋ ታስቆምሻለች። ድምፁም ቢሆን ከሰማያዊው ጋር አይወዳደርም።

የድሮ ታይፒስት

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን በኦሊቬቲ የአማርኛ መኪና ላይ የጨረስኩ ሴት ነኝ። ሰማያዊውን ስሞክር ወጣትነቴ ነው የመጣብኝ፣ አሁንም ያለ እሱ አልጽፍም። ላንቺ ግን አልመክርም፣ ሕፃን ባለበት ቤት አይሆንም።

እኔ የምነግርሽ ሌላ ነው። በታይፕ መኪና ጊዜ ፊደሉ ወረቀት ላይ እንዲያርፍ መምታት ነበረብን። የጎማውም ኪቦርድ እስከ ታች ካልተጫንሽው አይጽፍም፣ ስለዚህ ያንቺም እጅ መምታት ለምዷል። ሜካኒካሉ ላይ ያንን ልማድ ይዘሽ ከገባሽ፣ የፈለግሽውን ቀለም ብትገዢ ቁልፉ ታች ሲደርስ ይጮሃል፣ ጣትሽም ይደክማል። ነካ አድርጎ መልቀቅን ተለማመጂ። ለእኔ አንድ ወር ፈጅቶብኛል። ከኪቦርዱ ሥር ደግሞ የታጠፈ ፎጣ አድርጊ። ግማሹን ጩኸት የሚያወጣው ጠረጴዛው ነው።

ከሻርጃ

እትዬ ያሉት እውነት ነው፣ ፎጣው ይሠራል።

ለገዢው ወንድማችን የምለው፣ ምንም ስዊች ይምረጥ፣ ኪቦርዱ ሆት ስዋፕ ይሁን። ስዊቹ ያለ ብየዳ ተነቅሎ ይተካል። ካልወደድሽው ስዊቹን ብቻ ትቀይሪያለሽ፣ አንዱ ቁልፍ ቢበላሽም እሱን ብቻ። መመለስ ለማይችል ሰው ከቀለሙ በላይ የሚያሳስበው ይሄ ነው። ስዊቹ የሚሰካበት ሶኬት ባለ አምስት ፒን (እግር) ስዊች የሚቀበል ቢሆን ይመረጣል። ባለ ሦስት ብቻ የሚቀበል ከሆነም ችግር የለም፣ ከስዊቹ አምስት እግሮች ትርፎቹ ሁለቱ ቀጫጭን የፕላስቲክ እግሮች ናቸው፣ በጥፍር መቁረጫ ይቆረጣሉ።

ስትተኪ ግን ረጋ በዪ። እኔ በችኮላ ስገፋው አንዷ የመዳብ እግር ታጥፋ ተጋደመች። ቁልፉ አልሠራም፣ ኪቦርዱ ሞተ ብዬ ደነገጥኩ። ነቅዬ መብራት ሥር ሳየው እግሯ እንደ ተረገጠ ሽቦ ተኝታለች። በወረንጦ ቀስ ብዬ አቀናኋት፣ እስከ ዛሬ ትሠራለች።

የቀዩና የቡናማው ክርክር ደግሞ እዚህ አያልቅም። ሱቆቹ ስዊች አሥር አሥሩን አሽገው ይሸጣሉ። ሳይለንት ሊኒየር የተገጠመለትን ይግዛና አሥር ቡናማ ይጨምር። ጣቶችሽ የሚያርፉበት መካከለኛ መስመር ላይ ቡናማውን ሰክተሽ አንድ ሳምንት ጻፊበት፣ እጅሽ ራሱ ይወስናል።

ተርጓሚዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እትዬ፣ ዛሬ ጠዋት ጣቴን ሳየው እውነትም እየደበደብኩ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቡናማ እንዳላት ሰምቼ ሄድኩና «ጠረጴዛ» የሚለውን ሃያ ጊዜ ጻፍኩባት። ጉብታዋ ደስ ትላለች። ግን በየምቱ ታች ሲደርስ የሚሰማው ኳ ኳ ለእኔ ክፍል ይበዛል። ስለዚህ ሳይለንት ሊኒየር፣ 45 ግራም፣ ሆት ስዋፕ፣ ከአሥር ቡናማ ጋር ብዬ ለወንድሜ ጽፌለታለሁ።

አሁን አንድ ሱቅ ውስጥ ሆኖ የካርቶን ፎቶ ልኮልኛል። ሆት ስዋፕ ይላል፣ ዋጋውም 55 ዶላር አካባቢ ነው። ከሥሩ ግን «ኦፕቲካል» የሚል ቃል አለ። ችግር አለው?

ከሻርጃ

አታስገዢው! ኦፕቲካል በብርሃን ነው የሚሠራው፣ ሶኬቱ የተለመደውን ሜካኒካል ስዊች አይቀበልም። አሥሩ ቡናማ አይገጥሙለትም፣ ወደፊትም የሚገጥመው የራሱ ዓይነት ብቻ ነው። እዚያው መደርደሪያ ላይ «ሜካኒካል ሆት ስዋፕ» የሚለውን ይፈልግ። ካልገባው ቁልፉን አንስቶ አንዱን ስዊች እንዲነቅሉለት ይጠይቃቸው። ከሥሩ ሁለት የብረት እግር ካየ ትክክለኛው ነው።

ተርጓሚዋ

ደወልኩለት፣ መልሶ አስቀመጠው። አሁን ሻጩ ሌላ እየነቀለለት ነው።