«ሼባ»፣ «ፋዘር»፣ «ጃጀ»፦ አንቱታ የሚቀበለውና የማይቀበለው

«ሼባ» ስድብ ነው ወይስ ቁልምጫ ለሚለው ጥያቄ ቃሉን ለብቻው በመመልከት መልስ የሚገኝ አይመስለኝም። ሥሩ ንጹሕ ነው። ግእዙ «ሢበት»፣ አማርኛው «ሽበት» የሚለው፣ በዕብራይስጥና በዐረብኛም ዘመዶች ያሉት ሥር ነው፤ ዐረቦችም ጠጉሩ የነጣውን ሰው «ሻይብ» ይሉታል። «ሼባ» እንግዲህ በጥሬው ሽበታም ማለት ሲሆን፣ ሽበት ደግሞ በእኛ ዘንድ ከመቀመጫ የሚያስነሣ እንጂ የሚያሳፍር ነገር አልነበረም። ቃሉ ወደ ቲክቶክና ቴሌግራም ቀልድ ሲገባ ግን ጠጉሩን ትቶ ሰውየውን ያዘ። እዚያ «ሼባ» የሚባለው ስልኩን ከዐይኑ አርቆ በአንድ ጣት የሚጽፈው፣ በየማለዳው የአበባ ሥዕል ያለበት የመልካም ቀን ምኞት ለዘመድ ሁሉ የሚልከው፣ አንዳንዴም ገና በሠላሳ ዓመቱ የድሮ ዘፈን የሚወደው ሰው ነው።

የቃሉን ጠባይ ለመለየት እኔ የማየው ቃሉን የሚከተለውን ግስ ነው። «ሽማግሌው መጡ» ብንል ዐረፍተ ነገሩ ያለ እንከን ይቆማል። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ፋዘር፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉ» ሲል ባዕዱ ቃልና አንቱታው ተስማምተው ይሄዳሉ። «ሼባው መጡ» የሚለው ግን ለጆሮ ይጎረብጣል፤ ቃሉ ራሱ «ሼባው መጣ» እንድንል ይገፋናል። አንቱታን የማይቀበል ስም ለማያውቁት አዛውንት ሲሰጥ፣ ተናጋሪው ሳያስበው እንኳ የሰውየውን ማዕረግ አውርዶታል።

እርግጥ ነው፣ አንተታ ሁሉ ንቀት አይደለም፤ አባቱን በፍቅር «አንተ» እያለ ያደገ ልጅ ብዙ ነው። ስለዚህ ሁለት ቀልዶችን አጠገብ ለአጠገብ ማየት ይጠቅማል። በመጀመሪያው፣ ዐረብ አገር የምትሠራ ልጅ ከእናቷ ጋር በኢሞ ስትነጋገር ስክሪኑ ላይ የሚታያት የእናቷ ግንባር፣ የሻሿ ጫፍና የቤቱ ኮርኒስ ብቻ ነው፤ ይህንኑ ሥዕል ይዛ «ማዘር ዛሬም ግንባሯን ላከችልኝ» ብላ ትጽፋለች። እዚህ «ላከችልኝ» የሚለው አንቺታ ከናፍቆት የመጣ ነው፤ የሚስቁትም እናታቸው እንደዚሁ የምትደውልላቸው ልጆች ናቸው። በሁለተኛው፣ አንድ የማይታወቁ አባት ኤቲኤም ፊት ቆመው ቁጥሩን ሲፈልጉ ከኋላቸው ያለ ወጣት ሳያስፈቅድ ይቀርጻቸውና «ሼባው ከማሽኑ ጋር ተጣላ» የሚል ጽሑፍ ይለጥፍበታል። ግሱ በሁለቱም ዘንድ ያለ አንቱታ መጥቷል፤ የመጀመሪያው ግን የልጅነት መብት ያለው ሰው ቃል ሲሆን፣ ሁለተኛው ያልተሰጠውን ቅርበት ነጥቆ ወስዷል። ይህን ዐይነቱን ቀልድ ባየሁ ቁጥር ያመኛል፤ ሰውየው ጥፋት አላጠፉም፣ መሣሪያውም በእሳቸው ዕድሜ ላሉ ሰዎች ታስቦ አልተሠራም።

«ጃጀ» ከእነዚህ ሁሉ ይከፋል ብዬ አምናለሁ፤ ክፋቱ ግን በሰዋስው አይታወቅም፤ «ጃጅተዋል» ተብሎ አንቱታን በደንብ ይቀበላልና። በየቤቱ «እማማ እኮ ጃጅተዋል» የሚባለው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ ስም የጠፋባቸውን፣ የገዛ ልጃቸውን ማን ነህ የሚሉትን እናት ለማስታመም ነው። አሁን በአስተያየት መስጫው ሁሉ «ጃጅቷል» የሚባለው፣ በፖለቲካ ወይም በኳስ ያልተስማማን የአምሳ ዓመት ሰው ነው። የሕመም ስም የክርክር ዱላ ሲሆን፣ ሕመሙ በእውነት የገባበት ቤተሰብ የሚናገርበት ቃል ያጣል።

«ቡመር» የሚለውንም በ«ሼባ» የሚተረጉሙ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ቃሉ በአሜሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1946 እስከ 1964 የተወለዱትን ያመለክታል፤ በዚያው አቆጣጠር በ2019 እንደ ወረርሽኝ የተዛመተው «ኦኬ ቡመር» (እሺ ቡመር) የሚለው ቀልድም ክስ አለበት፦ ቤቱንም ሀብቱንም እናንተ ይዛችሁ እኛን ትመክራላችሁ የሚል። በእኛ አገር የዚያ ዕድሜ ሰዎች «ያ ትውልድ» የምንላቸው ናቸው፤ ከመካከላቸው ታላላቆቹ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጥተዋል፤ ከታናናሾቹ ደግሞ ብዙዎች በቀይ ሽብር አልቀዋል። ቅሬታ ቢኖርብን እንኳ የቤትና የሀብት ቅሬታ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። «ሽማግሌ» ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ሥራም ነው፤ ሽማግሌ ይላካል፣ ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ጎልማሳም ቢሆን ሽማግሌ ሆኖ ይቀመጣል። «አረጋዊ»ም እንዲሁ ነው፤ ደብረ ዳሞን የመሠረቱት አቡነ አረጋዊ ይህን ስም ያገኙት በወጣትነታቸው የአዛውንት ማስተዋል ስለነበራቸው እንደሆነ ይነገራል። ለሴቷ ግን ቋንቋው እንደዚህ አልቸራትም። «አሮጊት» የ«አሮጌ» እኅት ናት፤ «አሮጌ» ደግሞ የምንለው ለጫማና ለጣራ ነው። በቀልዱ ውስጥ የሚዞሩት ባልቴቶች ወይ ነጠላ ጫማ ወርዋሪ ወይ የሰፈር ወሬ ለቃሚ ሆነው የሚቀሩት ከዚህ ጋር የሚያያዝ ይመስለኛል፤ ሥራን የሚጠራ ስም ያልተሰጠው ሰው የሚሣለው በጠባዩ ብቻ ነው። «ባልቴት»ም፣ «አሮጊት»ም ፊት ለፊት ለመጥሪያ አይሆኑም። ሱቅ በር ላይ የቆሙትን እናት ባለሱቁ ዛሬም የሚጠራቸው «እማማ፣ ምን ልስጥዎት?» ብሎ ነው።