ሳውዝ ዳኮታ ላይ ለፕሬዚዳንት መምረጥ ትርፉ ምንድን ነው?

ሱ ፎልስ ነዋሪ፦ ዜግነት ካገኘሁ ወዲህ አንድም ምርጫ አላለፈኝም። ግን ይቺ ግዛት ከ1964 እ.ኤ.አ. በኋላ ለዴሞክራት ዕጩ ሰጥታ አታውቅም። በ2024 ትራምፕ በአገር ደረጃ 50 በመቶ ሳይሞላ እዚህ 63 አገኘ። ከሥጋ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ወጥቼ የምሰለፈው ለምን ይሆን?

ጋሼ ከሚኒያፖሊስ፦ ሰልፉን እንኳ ተወው፤ ከምርጫው 46 ቀን በፊት ጀምሮ ምርጫ የሚያስተናግደው የካውንቲህ ኦዲተር ቢሮ ገብተህ መምረጥ ትችላለህ። ደግሞ ሰዉ ምን ያህል እንደከረረ ለማየት 1972ን አስታውስ። የዴሞክራቶቹ ዕጩ ጆርጅ መክገቨርን የገዛ ሴናተራቸው ነበር፣ እሱንም ለሪፐብሊካኑ ኒክሰን ብለው ጣሉት!

የሜሪላንዷ፦ ጋሼ፣ ያ ዓመት ምስክር አይሆንም። ኒክሰን እኮ ያኔ ከማሳቹሴትስና ከዋሽንግተን ዲሲ በቀር ሁሉንም ጠርጎ ወስዷል። እንዲያውም መክገቨርን በአገር ደረጃ 37.5 በመቶ ሲያገኝ እዚያ 45 አግኝቷል።

ጋሼ ከሚኒያፖሊስ፦ የአገር ልጅ ስለሆነ ነዋ!

የሜሪላንዷ፦ ዴሞክራቱ ካርተርስ? የጆርጂያ ሰው ነበር፤ በ1976 ሳውዝ ዳኮታ ላይ 49 በመቶ ደርሶ ለጥቂት ተሸነፈ። በአገር ደረጃ ያገኘው 50 ነበር። ስለዚህ ያኔ ሳውዝ ዳኮታ ከአገሪቱ ብዙ የራቀች አልነበረችም። ኦባማ በ2008 በአገር 53፣ እዚያ 45። ሃሪስ 48 እና 34። ልዩነቱ የሰፋው በእኛ ዘመን ነው።

ዴንቨር፦ ገጠር ነዋ፣ ምን ያስገርማል? ገበሬ ሪፐብሊካን ነው።

የሜሪላንዷ፦ ቨርሞንትን ምን ልትላት ነው? በ2020 ቆጠራ ከሕዝቧ በገጠር የሚኖረው ድርሻ ከሁሉም ግዛት ይበልጣል። ከ1856 እስከ 1960 ያለማቋረጥ ሪፐብሊካን መርጣለች፤ በ1936 ዴሞክራቱን ሩዝቬልትን እምቢ ያሉት እሷና ሜይን ብቻ ነበሩ። ዛሬ ደግሞ የዴሞክራቶች ምሽግ ነች። ገጠርነቷ አልተቀየረም፣ ምርጫዋ ተገለበጠ።

ጋሼ ከሚኒያፖሊስ፦ እሺ በዚህ ረታሽኝ። ግን ሁለታችሁም የረሳችሁት አለ። በ2022 እዚያው ሳውዝ ዳኮታ ሜዲኬድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ይስፋፋ የሚለው ሐሳብ ለሕዝብ ቀርቦ 56 በመቶ አዎ ብሎ አልፏል። ሪፐብሊካን የመረጠው ሰው ነው ያጸደቀው። ሱ ፎልስ፣ ሥራ ቦታህ ስንት ሰው በዚያ ካርድ እንደሚታከም ጠይቅ እስቲ።

ሱ ፎልስ ነዋሪ፦ ጋሼ፣ እሱንማ እኔም አዎ ብያለሁ፣ ጠቅሞናልም። እኔ የጠየቅኩት ግን ስለ ፕሬዚዳንቱ ነው። ሦስቱም የኤሌክቶራል ድምፃችን (ፕሬዚዳንቱን የሚወስነው፣ ለየግዛቱ የተመደበው ድምፅ) በግዛቱ ላሸነፈው ተጠቅልሎ ይሄዳል። ነብራስካ በወረዳ ስለምታከፋፍል በ2024 የኦማሃ ከተማ ወረዳ አንዷን ለሃሪስ ሰጠች። እኛስ ለምን እንዲያ አናደርግም?

ዴንቨር፦ ሁሉንም የሚወስደው ፓርቲ ሕግ የሚያወጣውን የግዛቱን ምክር ቤት ይዞ? ጠብቅ እንግዲህ 😂