ፍቺ ላይ ሒሳብ አንዴ ይዘጋ ወይስ ለዓመታት ይቆይ?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። ሰዎች ሲፋቱ ያላቸውን ተካፍለው በዚያው ይቆራረጡ? ወይስ ዓመታት የሚዘልቅ ውል ይጻፉ? እንግሊዝ በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ዳኞች የተፋቺዎቹን የገንዘብ ትስስር መቁረጥ ይቻል እንደሆነ እንዲያጤኑ አስገድዳለች። እናንተስ? ስድብ የለም።

ቁርጥ ይሻላል፦ አንዴ ይዘጋ። በየወሩ የሰው እጅ እያዩ መኖር ፍቺ አይደለም። ክፍያው በዘገየ ቁጥር ያው ጭቅጭቅ ይመለሳል። ቤቱን አንዱ፣ ጥሬ ገንዘቡን ሌላው፣ በቃ።

የቁጥር ሰው፦ ወንድሜ፣ የቤቱ ብድርስ? ሁለቱም ፈርመውበት ከሆነ ባንኩ የነሱን ስምምነት አያውቅም። ቤቱን የወሰደችው መክፈል ቢያቅታት የሚደወለው ለሁለቱም ነው። ብድሩ በማን ስም፣ እስከ መቼ እንደሚዞር ካልተጻፈ ቁርጥ የሚባል ነገር የለም።

ቁርጥ ይሻላል፦ እሺ ይጻፉት። አንድ አንቀጽ ነው።

ቤቱን የወሰድኩት፦ እኔ ስፋታ ለቤቱ ሞትኩ። ልጆቼ ክፍላቸውን እንዳያጡ ብዬ ቁጠባውንና የጡረታ ድርሻዬን ተውኩለት። ወረቀት ላይ እኩል ነበርን። ግን ቤት ተቆርሶ አይበላም። ጣሪያው ሲያፈስ፣ ግብሩ ሲመጣ፣ እጄ ላይ ምንም የለም። 5 ዓመት ታግዬ ሸጥኩት። የሱ ጡረታ ቁጭ ብሎ ያድጋል። ያኔ ሁሉም የጠየቀኝ «ቤቱን ማን ወሰደው?» ብሎ ነው። «በአንድ ደሞዝ ትይዢዋለሽ ወይ?» ያለኝ የለም።

አባት ነኝ፦ አይዞሽ እህቴ። ረጅም ውልም ያስራል ግን። እኔ የልጅ ቀለብ በቁርጥ ፈረምኩ፤ በዓመቱ ሥራዬን አጣሁ። ገቢ ቢቀንስ ምን እንደሚደረግ ውሉ ላይ አንድም ቃል የለም። ውዝፉ ተቆለለብኝ።

የቁጥር ሰው፦ በተቀባዩም በኩል እዩት። ልጁ 3 ዓመቱ ነው እንበል። 18 እስኪሞላው 15 ዓመት አለ። ዋጋ በዓመት 6 በመቶ ቢጨምር የዛሬው 100 ያኔ የሚገዛው የ42ን ያህል ነው። የልጅ ወጪ ደግሞ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አያውቅም። ስለዚህ መጠኑ ከዋጋ ንረት ጋር ይያያዝ፤ በየ2 ዓመቱም ይታይ። ከፋዩ ቢሞትስ? የሕይወት ዋስትና ካለ ተጠቃሚው ማን እንደሆነ ዛሬውኑ ይታይ። (ብዙ ሰው የቀድሞ የትዳር አጋሩ ስም እዚያ ላይ እንዳለ ይረሳዋል።)

ቁርጥ ይሻላል፦ በየ2 ዓመቱ! እኔ ከዚያ ሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አልችልም።

ጠበቃ ነኝ፦ መቀመጥ አያስፈልግም፤ የገቢ ማስረጃ በኢሜይል ይላካል። ሁለት ነገር እየደባለቃችሁ ነው። የንብረት ክፍፍል አንዴ ከጸደቀ በብዙ አገር ማስከፈት ከባድ ነው። የልጅ ጉዳይ ግን ሁኔታው ሲለወጥ ፍርድ ቤት እንደገና ያየዋል። እንግዲህ የማይከፈተው ላይ ነው ጊዜ መውሰድ ያለባችሁ። እኔ ያየኋቸው መጥፎ ውሎች አብዛኞቹ «ብቻ ገላግሉኝ» ተብሎ የተፈረሙ ናቸው።

ቁርጥ ይሻላል፦ ንብረቱ ይዘጋ፣ የልጁ ይቆይ። እዚህ ድረስ እስማማለሁ። ለቀድሞ ባል ወይም ሚስት ቀለብ ግን የለም።

ቤቱን የወሰድኩት፦ ልጅ ላሳድግ ብዬ 10 ዓመት ከሥራ የወጣሁትስ? ሥልጠና ጨርሼ ሥራ እስክይዝ 2 ወይ 3 ዓመት፣ የሚያበቃበት ቀን የተቆረጠ። ይሄ ልመና ነው?

ቁርጥ ይሻላል፦ የሚያበቃበት ቀን ካለውማ... ላስብበት።

አባት ነኝ፦ ሳትበተኑ አንድ ጥያቄ። አንዱ ወላጅ ሌላ ከተማ ቢዛወር የልጁን ማመላለሻ ማነው የሚከፍለው? የኛ ውል ላይ እሱም የለም።