ለጥልፍ አስተማሪያችን 12 ሆነን የምንሠራው የጠረጴዛ ልብስ፦ ቁራጮቹን እኩል ማድረግና ቀዩን ክር ማስቆም

መነን በእጄ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥልፍ ያስተማሩንን እናት ለማመስገን 12 ሆነን አንድ የጠረጴዛ ልብስ ልንሠራላቸው ነው። ያለነው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እያንዳንዷ ቤቷ አንድ ቁራጭ ጠልፋ ታመጣና 3 በ4 አድርገን እንገጣጥመዋለን። አንዱ ቁራጭ ሲያልቅ 30 በ30 ሳንቲ፣ ጠቅላላው 90 በ120 እንዲሆን አስበናል። ጨርቁ ከሽሮ ሜዳ የሚመጣ መነን ነው፤ ክሩ ዲኤምሲ የሚባለው ባለ ስድስት ዘለላ የጥልፍ ክር።

አንድ ቁራጭ ሞክረን ሁለት ነገር ተበላሸብን። ጨርቁ በጥልፉ ዙሪያ ተኮማተረ፤ ሲታጠብ ደግሞ ቀዩ ክር ነጩን ጨርቅ ሮዝ አደረገው። መነኑ ስንት ሜትር ይበቃል? ክሩስ ስንት ጥቅል? ቁራጮቹ ከ12 እጅ ወጥተው እኩል የሚሆኑበት መላ አለ?

አንድ ሐሳብም አለን፤ «እግዚአብሔር ይስጥልን» የሚለው ሲቆጠር ልክ 12 ፊደል ነው። በየቁራጩ መሐል አንድ አንድ ፊደል ብንጠልፍስ? ጊዜያችን ሁለት ወር ነው።

ድርና ማግ

ከጨርቁ ልጀምር፤ እኩል አለመሆን የሚመጣው ከዚያ ነው። መነን የእጅ ሽመና ስለሆነ መጀመሪያ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል፤ ድሩና ማጉ ደግሞ እኩል አይሰበሰቡም። ሳይታጠብ ካሬ አድርጋችሁ የቆረጣችሁት ታጥቦ ሲወጣ ካሬ አይሆንም። ስለዚህ ሙሉውን ጨርቅ ሳይቆረጥ እጠቡት፣ ያውም እሳቸው ወደፊት በሚያጥቡበት መንገድ። ቤታቸው ድራየር ካለ ድራየር ውስጥ መክተታቸው አይቀርም፤ እናንተም አሁኑኑ ክተቱት። ምን ያህል እንደሚሰበሰብ አስቀድሞ ለማወቅ ከጫፉ ላይ 20 በ20 ሳንቲ በክር ምልክት አድርጋችሁ አጥባችሁ ለኩት።

ለእያንዳንዷ 40 በ40 ስጡ። ትርፉ ለመወጠሪያው ፍሬም መያዣ ነው፤ መጨረሻ ላይ ይከረከማል። ታጥቦ ወርዱ 80 ሳንቲ ከቀረ በአንድ ረድፍ ሁለት ይወጣል፣ ስድስት ረድፍ 2 ሜትር ከ40 ይሆናል። ለመሰብሰቡና ለመጠባበቂያ ብላችሁ 3 ሜትር ግዙ። ወርዱ ከ80 ካነሰ ወደ 38 ዝቅ በሉ፤ ከዚያ በታች ግን ፍሬሙ ጠርዙ ላይ አይይዝም።

በመቀስ ቀጥታ ለመቁረጥ አትሞክሩ። በምትቆርጡበት መስመር ላይ አንድ ክር መዛችሁ አውጡና ባዶ የቀረውን መንገድ ተከትላችሁ ቁረጡ። የአራቱንም ጎን ጠርዝ ወዲያው ዘምዝሙት፣ አለበለዚያ በጥልፍ ሰሞን እየተተረተረ 1 ሳንቲ ያልቃል። በእያንዳንዱ ቁራጭ ጥግ ላይ የድሩን አቅጣጫ በአንድ ትንሽ ስፌት ምልክት አድርጉበት፤ ሲገጣጠም ሁሉም ድር ወደ አንድ ወገን ይዋል።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው ትሥራው። ቁራጩን፣ መርፌውን፣ ክሩንና ሥዕሉን በፌስታል አድርጋ ታድል። 12 ሰው ከየቤቱ ጨርቅና ክር ካመጣ ማስተካከያ የለውም።

ባለመርፌዋ

በቆረጣው እስማማለሁ። መኮማተሩን በተመለከተ መጀመሪያ የቁራጩን ጀርባ ገልብጣችሁ እዩት። ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው የሄደ ረጅም ክር ካለ ምክንያቱ እሱ ነው። በጀርባ የሚሄድ ክር ከ1 ሳንቲ ተኩል አይብለጥ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ቆርጣችሁ እንደገና ጀምሩ። መነን ስስ ስለሆነ ጀርባ ላይ ያለው ቀይ ክር በፊት በኩልም እንደ ጥላ ይታያል።

ጀርባው ንጹሕ ሆኖ ከተኮማተረ ጥፋቱ የፍሬሙ ወይም የእጅ ነው። ከ15 እስከ 18 ሳንቲ ስፋት ያለው ክብ የእንጨት ፍሬም ይበቃል። የውስጠኛውን ቀለበት በጥጥ ጥብጣብ ጠምጥሙት፣ ጨርቁን እንዳይንሸራተት ይይዛል። ስትወጥሩ በድሩና በማጉ አቅጣጫ ብቻ ሳቡ። በሰያፍ የተሳበ መነን ሽመናው ይዛባል፤ ከፍሬሙ ሲወጣ የተጠለፈው ክብ እንቁላል ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሥራ ስታቆሙ ፍሬሙን አውልቁት፣ ለሳምንት ከተተወ የቀለበቱ ምልክት በካውያም አይለቅም።

የክሩ ርዝመት ከ45 ሳንቲ አይብለጥ። ረጅም ክር ጨርቁ ውስጥ በተመላለሰ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል፣ መጨረሻው ከመጀመሪያው ቀጥኖ ይታያል። ሦስት ዘለላ ስትፈልጉ አንድ በአንድ መዛችሁ ለዩና መልሳችሁ አገናኙ፤ ሦስቱን ባንድ ጊዜ ብትጎትቱ ይተበተባል። ቋጠሮ አታስሩ፣ በመነን ቀዳዳ ሾልኮ ወደ ፊት ይወጣል። 4 ሳንቲ ጭራ ትታችሁ ጀምሩና በሚቀጥሉት ስፌቶች ሸፍኑት።

ጥቅሉ 8 ሜትር ነው። በሦስት ዘለላ ስትሠሩ 16 ሜትር ይወጣዋል። የሰንሰለት ስፌት ለ1 ሜትር መስመር ወደ 4 ሜትር ክር ይበላል፤ ጭራው ሲቀነስ ከአንድ ጥቅል 3 ሜትር ተኩል መስመር ቁጠሩ። የሥዕላችሁን መስመር ለማወቅ ሲባጎ በሥዕሉ ላይ እያስከተላችሁ አስተኙና ሲባጎውን ለኩት። በየቀለሙ ለዩት፣ በ12 አባዙት፣ ሁለት ጥቅል ጨምሩበት። ሁሉንም ባንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ግዙ፣ ቁጥሩ አንድ ሆኖም የተነከረበት ጊዜ ሲለያይ ቀለሙ ትንሽ ሊለይ ይችላል። በዲኤምሲ የቀለም ቁጥር ለአረንጓዴ 699፣ ለቢጫ 444፣ ለቀይ 321፣ ለጥቁር 310 እርስ በርስ ይስማማሉ።

ሥዕሉን በቢሮ ካርቦን አታስተላልፉ፤ ሰማያዊው ከነጭ ጨርቅ አይለቅም። በሙቀት የሚጠፋው እስክሪብቶም ይቅርባችሁ፣ ብርቱ ቅዝቃዜ ሲያገኘው ተመልሶ ይታያል። መነኑን መስኮት መስተዋት ላይ ለጥፋችሁ በቀጭን እርሳስ ቀለል አድርጋችሁ ንደፉት። ጨርቁ ስስ መሆኑ እዚህ ላይ ጠቀመ።

ኮምጣጤ አያድንም

ስለ ቀዩ ክር። ጨውና ኮምጣጤ የሚሉትን አትስሙ፤ በተነከረ የጥጥ ክር ላይ የለቀቀን ቀለም መልሰው አያጣብቁም። የሚጠቅመው ከመጥለፍ በፊት መሞከር ነው። ከእያንዳንዱ ቀለም 20 ሳንቲ ቆርጣችሁ ለብ ባለ ውሃ አርሱትና በሁለት እርጥብ ነጭ ጨርቅ መሐል አድርጋችሁ በካውያ ተጫኑት። ነጩ ከቀላ ጥቅሉን እንዳለ ወረቀቱን ሳታወልቁ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ እያለቀለቃችሁ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ቀጥሉ። አምስት ስድስት ጊዜ ተለቃልቆም የሚለቅ ከሆነ ክሩን ቀይሩት።

ሮዝ ለሆነው ቁራጭ፦ ደርቆ ካውያ ካልነካው ተስፋ አለው። በትልቅ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና፣ ሌሊቱን ሙሉ ይዘፍዘፍ፤ ውሃው ሲቀላ ይቀየር። ውሃው ብዙ መሆን አለበት፣ በትንሽ ሳፋ ከሆነ የለቀቀው ቀለም ተመልሶ ነጩ ላይ ያርፋል። በረኪና የሚባል ነገር አታስጠጉት፣ ጥልፉንም አብሮ ይበላል።

ታጥቦ ሲወጣ እንዳይጠመዘዝ። ፎጣ ላይ አንጥፉት፣ ከፎጣው ጋር ጠቅልላችሁ ተጫኑት። ሲተኮስ ደግሞ ጥልፉ ወደ ታች፣ ወፍራም ፎጣ ላይ፣ በጀርባ በኩል፤ በፊት ከተተኮሰ የሰንሰለቱ ቀለበት ይደፈጠጣል።

እትዬ ዘርፍ

ልጆቼ፣ ሐሳባችሁ ደግ ነው፤ ግን የፈጣሪ ስም ወጥ በሚንጠባጠብበትና ሲኒ በሚቀመጥበት ጨርቅ ላይ አይጻፍም። እሳቸውም ቢሆኑ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡታል እንጂ አያነጥፉትም። ደግሞም ፊደሉ በሦስት በሦስት ሲሰበር «እግዚ፣ አብሔ፣ ርይስ፣ ጥልን» ይሆናል፤ ማን ያነበዋል? «እጅዎ ይባረክ» በሉት። ሰባት ፊደል ነው፣ በአንዱ ጠርዝ ላይ በአንድ መስመር ይገባል። ለሠራ እጅ የሚባለውም እሱ ነው።

መነን በእጄ

እትዬ፣ እውነት ነው፤ ይህን አላሰብንበትም ነበር። «እጅዎ ይባረክ» ይሁን። ፊደሉን በመስቀለኛ ስፌት ብንሠራው የመነኑ ክር አይቆጠርም፤ ምን ይሻላል? ማገጣጠሙንስ በመኪና ወይስ በእጅ?

ባለመርፌዋ

ለፊደሉ፦ በ1 ኢንች 14 ቀዳዳ ያለው፣ ኋላ ክሩ ተመዞ የሚወጣ ካንቫስ ይሸጣል። መነኑ ላይ በሰፋፊ ስፌት ያዙት፣ በሁለት ዘለላ በላዩ ላይ ጥለፉ፣ ሲያልቅ በውሃ አርጥባችሁ የካንቫሱን ክር አንድ በአንድ በወረንጦ ምዘዙ። መጀመሪያ ወደ አንድ ወገን የሚሄዱትን ሁሉ፣ ከዚያ ሌሎቹን። በስፌታችሁ የካንቫሱን ክር ወግታችሁ ከሆነ አይመዘዝም፤ መርፌው ሁልጊዜ በቀዳዳው መሐል ይግባ።

ቁመቱ ከ11 መስቀል አይነስ፣ ይህ ወደ 2 ሳንቲ ነው። ከዚያ ባነሰ «ጅ» እና «ጀ»፣ «ክ» እና «ከ» አይለዩም፤ ሳድሱን የሚያሳየው ትንሿ ምልክት ናት፣ የምትጠፋውም መጀመሪያ እሷ ናት። አንድ መስቀል 1 ሳንቲ ያህል ክር ስለሚበላ ለሰባቱ ፊደል አንድ ጥቅል ተርፎ ይቀራል።

ዳንቴል ቤት

ማገጣጠሙ በኪሮሽ ቢሆን ይሻላችኋል። ምክንያቱም የ12 ሰው እጅ ልዩነት እዚያ ውስጥ ይገባል።

መጀመሪያ ሁሉንም ቁራጭ አጥባችሁ እርጥቡን ፎጣ በለበሰ ሰሌዳ ላይ በየ3 ሳንቲው በስፒል ወጥራችሁ አድርቁት። ከዚያ 33 በ33 የሆነ ካርቶን ቁረጡ፣ መሐሉን ብሱ። ቀዳዳውን የጥልፉ መሐል ላይ አድርጋችሁ በካርቶኑ ዙሪያ ከርክሙ። ከጨርቁ ጠርዝ ተነሥቶ የለካ ሰው ጥልፉ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ቁራጭ ነው የሚያመጣው። ከዚያ ግማሽ ሳንቲ፣ ቀጥሎ 1 ሳንቲ አጥፉ፤ 30 በ30 ቀረ።

በጠርዙ ዙሪያ እንደ ብርድ ልብስ ጠርዝ ክፍት ክፍት ያለ ዝምዘማ በየ4 ሚሊ ሜትሩ ሥሩ። በአንድ ጎን 75 ቤት ይወጣል። ቁጥር 10 ክርና 1.5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ይዛችሁ በእያንዳንዱ ቤት አንድ፣ በማዕዘኑ ሦስት አጭር ቀለበት አውጡ። ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ቁራጩ 29.7 ሆነ 30.2፣ በጎኑ ያለው ቁጥር 75 ብቻ ይሁን። 75 ከ75 ጋር ሲጋጠም ትንሹ ይለጠጣል፣ ትልቁ ይሰበሰባል። ልዩነቱ ከግማሽ ሳንቲ ካለፈ ግን ኪሮሽም አይሸፍነውም፤ ዝምዘማውን ፍቱና እንደገና እጠፉ።

ኪሮሹ በየጎኑ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ስለሚጨምር ጠቅላላው 90 በ120 ሳይሆን ወደ 92 በ122 ይደርሳል። ጠረጴዛውን ከለካችሁ ይህን አስቡበት። ጠርዙ እንዲቆም ብላችሁ በስኳር ውሃ አታድርቁት፣ ጉንዳን ይጠራል፤ ቀጠን ያለ የበቆሎ ስታርች ይበቃል።

ድርና ማግ

እኔ ለመኪናው እከራከራለሁ። የኪሮሽ ቀዳዳ የሲኒ ቂጥ ይይዛል፣ ድራየር ውስጥም ይጎተታል። በመኪና በ1 ሳንቲ ተኩል ሰፍቶ፣ ቀድሞ በታጠበ አቡጀዲ ገበር ማልበስ ይቻላል፤ የሁሉም ጀርባ ይሸፈናል።

ዳንቴል ቤት

ጀርባውን መሸፈን? ጥልፍ ያስተማረ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጀርባውን ነው። ገበር ካዩበት ምን እንደደበቃችሁ ይጠይቃሉ። ጀርባው ክፍት ይሁንና እያንዳንዷ በቁራጯ ጥግ የስሟን የመጀመሪያ ፊደል በነጭ ክር ታስፍርበት። ድራየሩን በተመለከተ ግን ልክ ነህ፤ በመረብ ከረጢት ውስጥ ይታጠብ፣ ተዘርግቶ ይድረቅ ብላችሁ በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ ስጧቸው።

ድርና ማግ

የጀርባውን ነገር ተሸንፌአለሁ። ጊዜውን እንዲህ ክፈሉት፦ አንድ ሳምንት ለማጠብና ለመቁረጥ፣ አራት ሳምንት ለጥልፍ፣ የቀረው ለማጠብ፣ ለመከርከምና ለማገጣጠም። ከ12 ሰው አንዷ መዘግየቷ ስለማይቀር 13ኛ ቁራጭ ቆርጣችሁ እጇ ለሚፈጥነው ስጡ። ካላስፈለገ የመርፌ መሰኪያ ትራስ ይወጣዋል።